ጨርቁ በምን ተያዘ?

ዛሬ ሰማያዊውን ሻሽ ለአራተኛ ጊዜ ሣልኩት። የቀደሙት ሦስቱ ጠረጴዛው ጥግ ላይ ተደርድረዋል። የመጀመሪያው ደርቆ ቆርቆሮ መስሏል። ሁለተኛው ውሃ በዝቶበት ጠርዙ ፈሷል። ሦስተኛው እንከን የለውም፣ ግን አይበርም። ገመድ ላይ የተሰጣ ጨርቅ ነው የሚመስለው። እኔ የምቀዳው፣ የቴአትር ልብስ ነዳፊው ሌዎን ባክስት የሣለው ሻሽ ግን ይበራል።

ሥዕሉ የ1912 ነው። (እዚህ የምጽፋቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በዚያ ዓመት ሜይ 29 ቀን ዳንሰኛው ቫስላቭ ኒዢንስኪ ፓሪስ ውስጥ፣ ሻትሌ ቴአትር፣ አዲስ ባሌት አቀረበ። ራሱ ፋውን ሆኖ ተጫወተ፤ በጥንት ተረት ግማሹ ሰው፣ ግማሹ ፍየል የሆነውን ፍጥረት። ልብሱን የነደፈው ባክስት ነው። ገላ ላይ የሚጣበቅ ልብስ ነው፤ እላዩ ላይ እንደ እንስሳ ቆዳ ቡናማ ነጠብጣብ በቀለም ተሥሎበታል። ሻሹ ደግሞ በባሌቱ ውስጥ አንዲት ሴት ከፋውኑ ስትሸሽ ጥላው የምትሄደው ነው። ንድፉ አሁን አሜሪካ፣ ሃርትፎርድ ከተማ፣ ዋድስወርዝ አቴኒየም ሙዚየም ይገኛል። በእርሳስ፣ በውሃ በሚበጠበጥ ቀለምና በወርቅ ቀለም የተሠራ ነው።

በጣም የገረመኝ መጠኑ ነው። 40 በ27 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ። ስክሪን ላይ ሳየው ግድግዳ የሚሞላ ይመስለኝ ነበር። ልኩን ያነበብኩ ቀን ማስመሪያ አውጥቼ ባዶ ወረቀት ላይ ለካሁት። ጭን ላይ የሚቀመጥ ነገር ነው። ያ ሁሉ ጉልበት እዚያች ውስጥ ነው የገባው።

እኔ የድሮ የቴአትር አልባሳት ንድፎችን በእጄ እቀዳለሁ። ሙዚየሞችና ቤተ መጻሕፍት በከፍተኛ ጥራት ስካን አድርገው ኢንተርኔት ላይ የሚለቋቸውን ምስሎች አወርዳለሁ፤ ስለ ወረቀቱና ስለ ቀለሙ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ፤ ከዚያ በእርሳስ፣ በውሃ ቀለምና በጉዋሽ (ወረቀቱን በሚሸፍን ወፍራም የውሃ ቀለም) እሠራቸዋለሁ። አንዱ ሥራ ስድስት ሳምንት ሊወስድብኝ ይችላል። ስለዚህም ያወቀኝ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ይጠይቀኛል፦ «ለምን ፕሪንት አታደርጊውም?»

ተገቢ ጥያቄ ነው። ጥሩ ፕሪንት ቀለሙን ከእኔ እጅ በላይ ሊጠብቀው ይችላል። ማሽኑ ግን ሥዕሉን ከላይ እስከ ታች በእኩል ዓይን ነው የሚያትመው። ለማሽኑ ፊቱና ባዶው ወረቀት፣ ሻሹና የሻሹ ጥላ ልዩነት የላቸውም። ሠዓሊው እንደዚያ አልሠራም። መጀመሪያ እርሳሱን አስቀመጠ። ቀጥሎ ቀጭኑን ቀለም አፈሰሰ። እስኪደርቅ ጠበቀ፤ ወይም መጠበቅ አቅቶት በእርጥቡ ገባበት። የትኛው ከየትኛው እንደቀደመ የማውቀው ራሴ ስሠራው ብቻ ነው። ቀድሞ መምጣት የነበረበትን ኋላ ካመጣሁት ሥዕሉ ይበላሻል፤ ሲበላሽም ቅደም ተከተሉን ያስተምረኛል።

ይህን ያህል የማወራው አሁን ነው። ስጀምር ግን ምን እየቀዳሁ እንደሆነ እንኳ አልገባኝም ነበር። ያሳወቁኝ እቴቴ ናቸው።

እቴቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ልብስ ሲሰፉ ነው የኖሩት። መቅዳት የጀመርኩ ሰሞን አንድ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የኦፔራ ልብስ ንድፍ ሠርቼ ነበር። የነዳፊው ስም አልተጻፈበትም። አንድ ትከሻ ላይ የተጣለ ረጅም ካባ ነው። የወረቀቱ ዙሪያ ግን ያስጠላል፤ ያኔ እንዲያ ነበር የታየኝ። በእርሳስ የተሞነጫጨሩ ቃላት አሉ። ቁጥሮች አሉ። ከትከሻው ተነሥታ ወደ ኅዳጉ የምትሄድ ቀጭን መስመር አለች። ጥጉ ላይ የመርፌ ቀዳዳዎች አሉ። ያን ሁሉ ትቼ ካባውን ብቻ አሳምሬ ሣልኩት። ደስ ብሎኝ ለእቴቴ ወስጄ አሳየኋቸው።

መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አዞሩት። «ጎሽ፣ ቀለሙ ያምራል» አሉኝ። ትንሽ ቆዩና፣ «ጨርቁ በምን ተያዘ?» ብለው ጠየቁኝ።

«እንዴት እቴቴ?»

«ይሄ ሁሉ ጨርቅ አንድ ትከሻ ላይ ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ ልጄ። ሰውየው አንዴ ሲራመድ ይወርድበታል። መንጠቆ አለው? ከውስጥ ተሰፍቷል? ገበር አለው? አሁን ስፊው ብትይኝ ከየት እጀምራለሁ?»

መልስ አልነበረኝም። ቤቴ ገብቼ ስካኑን ከፈትኩት። አጉልቼ፣ አጉልቼ ያቺን ከትከሻ የምትነሣ መስመር ተከተልኳት። ኅዳጉ ላይ፣ ከጥፍር የማትበልጥ፣ በእርሳስ የተሣለች መንጠቆ ነበረች። እቴቴ የጠየቁኝ ጥያቄ መልሱ ወረቀቱ ላይ ነበር። እኔ ቆሻሻ መስሎኝ ትቼዋለሁ።

ከዚያ ቀን በኋላ እነዚህን ሥዕሎች የማያቸው በሌላ ዓይን ነው። ለግድግዳ አልተሣሉም። ከነዳፊው ለልብስ ሰፊው የተላኩ ደብዳቤዎች ናቸው። «እዚህ ጋ ሐር፣ እዚህ ጋ ሱፍ፣ ይህ ጥለት በቀለም ይሣል፣ ይህኛው ይጠለፍ» ይላሉ። ብዙዎቹ ላይ የጨርቅ ናሙና በስፒል ተያይዞባቸው ነበር። የዳንሰኛው ስም ተጽፎባቸዋል። ስንት እንደሚሠራ ተቆጥሮባቸዋል። ስፌት ቤት ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ዞረዋል፤ ጥጋቸው የተጣጠፈውም፣ የጣት አሻራ የቀረባቸውም ለዚህ ነው። እንግሊዛዊው ኢኒጎ ጆንስ (1573–1652) ለቤተ መንግሥት ትርኢቶች የሠራቸው ንድፎች ዛሬ በብዛት ቻትስወርዝ በተባለው ትልቅ ቤት ተጠብቀው ይገኛሉ። ከመድረክ ንድፎቹ አንዳንዶቹ ላይ የመድረክ ሠዓሊዎቹ ቀለም ተረጭቶባቸዋል። ማለት ወረቀቱ ሥራ ላይ ነበር። ባልዲው አጠገብ ነበር።

ስለ ጆንስ ካነሣሁ አንድ ነገር ልጨምር። በ1605 በእንግሊዝ ቤተ መንግሥት፣ ጆንስ ልብሱን በነደፈው ትርኢት፣ ንግሥት አን እና ወይዛዝርቶቿ የኒጀር ወንዝ ሴት ልጆች ሆነው ተጫወቱ፤ ፊታቸውንና ክንዳቸውን ጥቁር ተቀብተው። ልብሳቸው ሰማያዊና ብርማ ነበር። በዚያው ትርኢት ውስጥ የጨረቃ አምላክ አለች። ስሟ ኢትዮጵያ ይባላል። የልብሱን ንድፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ባየሁ ቀን ይህን ሳነብ ወንበሬን ወደ ስክሪኑ አስጠጋሁ። የእነዚያ ሰዎች መድረክ ላይ ስማችን ምን ይሠራል?

ይህ ጥያቄ ነው ወደ «አይዳ» የወሰደኝ። ከቀዳኋቸው ሁሉ ረጅም ጊዜ የያዘኝም እሱ ነው።

«አይዳ» የጁሴፔ ቬርዲ ኦፔራ ነው። አይዳ ኢትዮጵያዊት ልዕልት ናት፤ ተማርካ ግብፅ ውስጥ ባሪያ ሆናለች። አባቷ አሞናስሮ የኢትዮጵያ ንጉሥ ነው። ኦፔራው ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ዲሴምበር 24 ቀን 1871 ካይሮ ውስጥ፣ የግብፁ ከዲቭ (ገዥ) ኢስማኤል ባሠራው ኦፔራ ቤት ነው። የታሪኩን መነሻ የጻፈውም፣ ልብሱን የነደፈውም ኦጉስት ማርየት ነው። ማርየት ፈረንሳዊ አርኪዮሎጂስት ነው። ካይሮ ውስጥ የጥንታዊ ቅርሶችን ሙዚየም ያቋቋመ፣ የመቃብሮቹንና የቤተ መቅደሶቹን ግድግዳ አጥብቆ የሚያውቅ ሰው።

ግድግዳን ማወቅና ሰው ማልበስ ግን ለየቅል ናቸው። ማርየትም ይህ ገብቶታል። ለኦፔራ ቤቱ ኃላፊ በጻፈው ደብዳቤ ተጨንቋል። ትልቅ ዘውድ የጫነ ንጉሥ ከግራናይት ሲቀረጽ ግርማ አለው፤ ያንኑ ሥጋና አጥንት ላለው ሰው አልብሰህ፣ ሂድ፣ ዝፈን ስትለው ግን ተመልካቹ እንዳይስቅ ያስፈራል፤ ሐሳቡ ይህ ነው። ይህን ሳነብ እቴቴ ትዝ አሉኝ። ሁለቱም የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ ሰውየው ሲራመድስ?

ልብሱና የመድረኩ ገጽታ የተሠሩት ፓሪስ ነበር። በ1870 ጦርነት ተነሣ። የፕሩሲያ ጦር ከተማዋን ከበበ። ማርየት እዚያው ተዘጋበት፤ ልብሱም እንደዚያው። ጃንዋሪ 1871 ላይ ሊታይ የታሰበው ኦፔራ አንድ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ነው የታየው። የካይሮው ኦፔራ ቤት በ1971 በእሳት ወድሟል። ንድፎቹ ግን ዛሬም ፓሪስ ውስጥ፣ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የኦፔራ ክፍል አሉ። ግንብ ፈርሶ ወረቀት ቀረ።

አሞናስሮን ስቀዳ እጄ ቀስ አለ። መጀመሪያ ምክንያቱ አልገባኝም። ቀለሙ ከባድ አይደለም። መስመሩም ንጹሕ ነው። ሦስተኛ ቀኔ ላይ ነው የገባኝ። ማርየት ኢትዮጵያውያንን ያለበሰው በአብዛኛው ከምን ተነሥቶ ነው? ከግብፅ ግድግዳ። እዚያ ግድግዳ ላይ ደግሞ ከደቡብ የመጡ ሰዎች ደጋግመው የሚታዩት ግብር ተሸክመው ወይም እጃቸው የኋሊት ታስሮ ነው። የአሞናስሮ ልብስ የመጣው የማረከው ወገን ሠዓሊ ካየው ነው ማለት ነው። እርግጥ ያቺ «ኢትዮጵያ» የጥንት ግሪኮች ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን አገር በጅምላ የሚጠሩባት ስም ናት፤ ኑቢያ፣ ኩሽ። ቢሆንም ስሙ ስም ነው። ያማል።

እጄ ማስተካከል አማረው። ትከሻውን ትንሽ ቀና ማድረግ፣ ጌጡን ማክበድ። ማንም አያውቅብኝም ነበር። ብሩሹን አስቀምጬ ተነሣሁ። ቀጂ ነኝ እንጂ አራሚ አይደለሁም። ማርየት ያላየውን ባስገባበት፣ ነገ ያን ቅጂ የሚያይ ሰው በ1871 እንዲያ ታይተን ነበር ብሎ ያምናል። እንዲያ አልታየንም። ስለዚህ እንዳለ ቀዳሁት። (ኦፔራው ከታየ በአራት ዓመቱ የዚያው ከዲቭ ጦር እውነተኛዋን ኢትዮጵያ ሊወጋ መጥቶ በ1875 ጉንደት ላይ፣ በ1876 ደግሞ ጉራ ላይ ተሸነፈ። ይህ ንድፉ ውስጥ የለም። እኔ ግን ስሥል ሙሉ ጊዜ ሐሳቤ ውስጥ ነበር።)

በእጅ መቅዳት አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ። እንዲያውም የቴአትር ልብስ ሥዕል ወደ ሰዎች ቤት የገባው በዚሁ መንገድ ነው። ፓሪስ ውስጥ ማርቲኔ የሚባል አሳታሚ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ተዋንያንን ከነመድረክ ልብሳቸው የሚያሳዩ ሥዕሎች ለአሥርተ ዓመታት አወጣ። መስመሩ በመዳብ ሰሌዳ ይታተማል፤ ቀለሙ በእጅ ይቀባል። ለንደን ውስጥ ደግሞ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለልጆች የወረቀት ቴአትር ይሸጥ ነበር። ገጸ ባሕርያቱ በሙሉ ልብሳቸው ወረቀት ላይ ታትመዋል። ያለ ቀለም አንድ ፔኒ፣ ባለ ቀለም ሁለት ፔኒ። ያቺ ሁለተኛዋ ፔኒ የእጅ ዋጋ ናት። ስማቸው ያልተመዘገበ ሰዎች ጠረጴዛ ከበው፣ አንዱ ቀዩን፣ አንዱ ሰማያዊውን እየቀባ ወረቀቱን ወደ ጎን ያቀብላል። ስለ እነሱ ብዙ አስባለሁ። ንጉሥ ሪቻርድን በቀን ስንት ጊዜ ቀይ አልብሰውት ይሆን?

ከዚያ በኋላ የመጣው ፖሽዋር ነው፤ የፈረንሳዮቹ የስቴንስል (ቅርጹ ተቆርጦ የወጣለት ሰሌዳ) ጥበብ። ከቀጭን ዚንክ ወይም መዳብ ላይ ለእያንዳንዱ ቀለም የየራሱ ስቴንስል ይቆረጣል። ከዚያ ቀለሙ በክብ ብሩሽ በእጅ ይመታል። አንድ ሥዕል 20ና 30 ስቴንስል ሊፈልግ ይችላል። በ1914 ጆርጅ ባርቢዬ ለባለሪናዋ ለታማራ ካርሳቪና ያወጣው አልበም በዚህ ነው የተሠራው። ቀለሙ ወረቀቱ ላይ ተቀምጦ ይታያል፤ ጣት ቢያርፍበት የሚሰማ ይመስላል። እነዚያ ሠራተኞች ከማተሚያ ማሽን ጋር እየተወዳደሩ ነበር። በጥራት አልተሸነፉም። በሰዓት ተሸነፉ።

ወደ ጠረጴዛዬ ልመለስ። እስካሁን ያልፈታሁት ጉዳይ ቀለም ነው።

የትኛውን ቀን ነው የምቀዳው? የተሣለበትን ቀን ወይስ ዛሬን? ወረቀት ይቢጫል። ኢዮሲን ከሚባለው ማቅለሚያ የሚሠራው ደማቅ ቀይ ብርሃን ሲያገኘው ይጠፋል። የእርሳስ ማዕድን ያለበት ነጭ ቀለም ወረቀት ላይ ሲቆይ ይጠቁራል፤ ብርሃን መሆን የነበረበት ቦታ ጥላ ይሆናል። ወርቅ የሚመስለው የነሐስ ዱቄት ቡናማ ይሆናል። ሙዚየሞች የውሃ ቀለም ሥዕልን ከ50 ለክስ (የብርሃን መለኪያ) በማይበልጥ ደብዛዛ መብራት የሚያሳዩት፣ ጥቂት ወራት አሳይተውም ለዓመታት ጨለማ ውስጥ የሚያሳርፉት ለዚህ ነው። በዚያ ላይ ዛሬ የማይነኩ ቀለሞች አሉ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሠዓሊዎች የወደዱት ኤመራልድ አረንጓዴ ውስጡ አርሴኒክ ነው። መርዝ ነው። እኔ የምሠራው በሌላ አረንጓዴ ነው፤ ስለዚህ ያ ቦታ ሁልጊዜ ትንሽ ይለያል።

አንድ ጊዜ አንድ የዳንሰኛ ቀሚስ ንድፍ እየሠራሁ ነበር። ስካኑ ላይ ቀሚሱ ፈዛዛ ሮዝ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ያን ሮዝ ሳመጣጥን ከረምኩ። ጉዋሽ ደግሞ ያስቸግራል፤ ጥቁሩ ሲደርቅ ይነጣል፣ ነጣ ያለው ሲደርቅ ይጠቁራል። በመጨረሻ አገኘሁት አልኩ። ያን ማታ ስካኑን ለመዝጋት ሳንቀሳቅሰው የወረቀቱን የግራ ጠርዝ አየሁ። የቀሚሱ ጫፍ እስከ ጠርዙ ይደርሳል። ለዓመታት ፍሬሙ ሸፍኖት የኖረው ቦታ፣ ከክር የማይሰፋ፣ ደም የመሰለ ቀይ ነበር። ቀሚሱ ሮዝ ሆኖ አያውቅም።

ለእቴቴ ነገርኳቸው። አልገረማቸውም። «የድሮ ልብስ ቀለሙን ማወቅ ከፈለግሽ ገልብጪው» አሉኝ። «ስፌቱ ውስጥ ፀሐይ አይገባም።»

ከባክስት ዘመን የተረፉ እውነተኛ የመድረክ ልብሶች አሉ። ለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም፣ አውስትራሊያ ደግሞ ካንቤራ ብሔራዊው ጋለሪ ብዙ አሏቸው። የዳንሰኞቹ ላብ እንኳ ጨርቁ ላይ ቀርቷል። የልብሶቹን ፎቶ ከንድፎቹ ጎን አድርጌ አያለሁ። ንድፉ ላይ የደከመው ቀለም የልብሱ እጥፋት ውስጥ በሕይወት ያለበት ጊዜ አለ። ተቃራኒውም አለ።

ቀሚሱን ሁለት ጊዜ ሠራሁት። አንዱ ሮዝ፣ አንዱ ቀይ። ቀዩን ስጨርስ ዳንሰኛዋ ሌላ ሰው ሆነች። ሮዟ ፈራ ተባ ትላለች። ቀይዋ ልትመታችሁ የመጣች ይመስላችኋል። ክንዷ ያው ነው፣ እግሯ ያው ነው። ባክስት እያንዳንዱ ቀለም የየራሱ ስሜት እንዳለው፣ ሐዘንተኛ አረንጓዴ ከተስፋ ቢስ ሰማያዊ አጠገብ ሲቀመጥ ተመልካቹ እንደሚሰማው ይናገር ነበር። ቀለሙ ሲደበዝዝ የጠፋው ይኸው ነው። የምትናገረው ነገር ተቀይሯል። አሁን ሁልጊዜ ሰው የሚጠይቀኝ ሮዙን ነው፤ «ድሮ» ስለሚመስል። እኔ ቀዩን ነው የምወደው።

ስለ ሐቀኝነትም መናገር አለብኝ፤ ምክንያቱም በዚህ ሥራ ላይ ማጭበርበር ቅርብ ነው። ባክስት የራሱን ንድፎች ለሰብሳቢዎች ደጋግሞ ይሠራቸው ነበር፤ ስለዚህ አንድ ልብስ ሁለት ሦስት እውነተኛ ሥዕል ሊኖረው ይችላል። ይህ ለአስመሳዮች ጥሩ በር ከፍቷል። በሩሲያ ሠዓሊዎች ስም የሚሠራ ሐሰተኛ ሥዕል ገበያውን ሲያውክ ኖሯል። ቅጂ ራሱን ቅጂ ብሎ ካልጠራ ከዚያ ጎራ ይቆጠራል።

የሉቭር ሙዚየም ከ1793 ጀምሮ ሰዎች ገብተው እንዲቀዱ ይፈቅዳል፤ ግን ቅጂው ከዋናው ቢያንስ በአንድ አምስተኛ ማነስ ወይም መብለጥ አለበት። የሠዓሊውን ፊርማ መቅዳትም ክልክል ነው። ማንም ሳያዘኝ ይህን ደንብ ወስጄዋለሁ። የእኔ ፋውን 32 በ22 ገደማ ነው። የባክስት ፊርማ ያለበት ቦታ ባዶ ነው። ከወረቀቱ በስተጀርባ ከማን ሥራ እንደቀዳሁት፣ የዋናውን ዓመት፣ ስሜንና የሠራሁበትን ቀን በእርሳስ እጽፋለሁ። የማን ሥራ እንደሚቀዳም አያለሁ። ባክስት በ1924 ነው የሞተው፤ የሥራው መብት ጊዜው አልፏል። ፒካሶ በ1917 ለባሌት የሠራቸው ልብሶች ልቤን ይሰርቁታል፤ እሱ ግን የሞተው በ1973 ነው። ስለዚህ ለራሴ ልምምድ እንጂ ከቤት አላወጣቸውም።

እንግዲህ ሻሹ።

ሦስተኛው ለምን እንዳልበረረ ዛሬ ጠዋት ነው የገባኝ። ተቀምጬ ነበር የምሠራው። ክንዴ ጠረጴዛው ላይ አርፏል፤ የሚንቀሳቀሰው አንጓዬ ብቻ ነው። የዋናውን መስመር በባዶ ብሩሽ አየር ላይ ደጋግሜ ተከተልኩት። አንጓ ብቻውን ያን ቅርጽ አይሰጥም። ከትከሻ ነው የሚመጣው። ወንበሩን ገፋሁት። ወፍራሙን ብሩሽ ያዝኩ። ሰማያዊውን አቀጠንኩና ትንሽ የግራር ሙጫ ጨመርኩበት፤ ውሃው ወረቀቱ ላይ ሳይሮጥ እንዲንሸራተት። ቆሜ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ ከታች ጀምሬ በአንድ ጊዜ ወሰድኩት። መሐል ላይ ብሩሹ ደረቅ አለና ወረቀቱ ነጭ ነጥቦች አወጣ። ልመለስበት ፈለግሁ። ቀና ብዬ ስካኑን አየሁ። እዚያም ነጭ ነጥቦች አሉ።

ነጠብጣቦቹ ቀርተውኛል። እነሱ ከሻሹ ይብሳሉ። ባክስት በአጋጣሚ የጣለውን ነጠብጣብ እኔ በጥንቃቄ እያሰብኩ መጣል አለብኝ፤ ጥንቃቄው ደግሞ መታየት የለበትም። እሱን በሚቀጥለው ሳምንት።

ማታ ሻሹን ለእቴቴ ወሰድኩላቸው። ዓይናቸው እየደከመ ነው፣ መነጽሩም እንደ ድሮ አያግዛቸውም። ወረቀቱን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው መብራቱን አስጠጋሁላቸው። ጣታቸውን ሳያስነኩ፣ ከወረቀቱ ትንሽ ከፍ አድርገው፣ በሰማያዊው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄዱበት።

«ቀጭን ሐር ነው» አሉ። «ጠርዙ አልተቀመቀመም።»

«እንዴት አወቁ እቴቴ?»

«ከተቀመቀመ ይከብዳል። እንዲህ አይነሣም።»

ወረቀቱን ተቀብዬ ገለበጥኩት። በስተጀርባው በእርሳስ «ከሌዎን ባክስት፣ 1912» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ ስሜንና የዛሬውን ቀን። ከዚያ አንድ መስመር ጨመርኩ፦ «ጠርዙ አይቀመቀምም።»